ሳይጠይቁ የዘፈኑና ጠይቀው የዘፈኑ

ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚባለው በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በዘመነ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠራዊት ሠፈር ነበረ። በ1954 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ አንድ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ጠበቃ በዚህ ሠፈር ገብተው የጦር ትምህርት ጀመሩ። ጠመንጃ መተኰስን፣ ፈንጂ ማጥመድን፣ ትጥቅና ስንቅ ተሸክሞ ረጅም መንገድ በእግር መጓዝን ተለማመዱ። ትምህርቱ ስድስት ወር እንዲፈጅ ታስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ሁለት ወር ያህል እንደ ቈዩ ድርጅታቸው ወደ አገር ቤት ጠራቸው። በተመለሱም ጊዜ ብዙ ሳይቈዩ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. በፖሊስ ተያዙ፤ ከዚያም ከ27 ዓመት በላይ በእስራት ኖሩ። እኒህ ሰው ኔልሰን ማንዴላ ናቸው።

ስለ ኮልፌ ቈይታቸው ማንዴላ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋልና እኛ አንደግመውም። በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት ያሰብነው የእኒህ እስረኛ ታሪክ ከወህኒ ግንብ ዘሎ ወደ ዓለም ጆሮ ከደረሰባቸው መንገዶች አንዱን፣ ማለት የዘፈንን መንገድ ነው።

ሮክ የሚሉት ሙዚቃ በአሜሪካ ከጥቁሮች እንጉርጉሮ ተወልዶ በ1940ዎቹ ዓመታት ሲስፋፋ፣ በመጀመሪያ የወጣቶች ጭፈራ ማድመቂያ ነበር። በ1950ዎቹ ግን እንደ ቦብ ዲላን ያሉ ገጣሚዎች ጊታር አንሥተው የዘመናቸውን ፍርድና ግፍ፣ ጦርነትና ድኽነት በዘፈን መተረክ ጀመሩ። ዲላን በ2009 ዓ.ም. የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በተሰጠው ጊዜ አንዳንድ ደራሲዎች ቅር ተሰኝተው ነበር። ግጥምን ያለ ዜማ ብዙም የማያውቅ የእኛ አገር ሰው ግን በዚህ የሚገረም አይመስለንም።

ወደ ማንዴላ እንመለስ። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ጄሪ ዳመርስ እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ ስለ ማንዴላ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። በዚያ ዓመት ጁልያን ባሁላ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ስደተኛ ሙዚቀኛ በለንደን የማንዴላን 65ኛ ልደት የሚያስብ የሙዚቃ ዝግጅት አሰናድቶ ነበርና፣ ዳመርስ በዚያ ተገኝቶ የተበተኑትን ጽሑፎች አነበበ፤ ነገሩንም ከባለቤቶቹ ተረዳ። በሚከተለውም ዓመት የማንዴላን መፈታት የሚጠይቀው ዘፈኑ ወጣ። የዘፈኑ ዜማ የሚያስጨፍር፣ ቃሉ ግን የእስረኛን መከራ የሚቈጥር ነበር። ሰኔ 4 ቀን 1980 ዓ.ም. በለንደን በዌምብሊ ስታዲዮም የማንዴላ 70ኛ ልደት በታላቅ የሮክ ዝግጅት ሲከበር፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ዘፋኞች ጋር ሚሪያም ማኬባና ሂዩ ማሴኬላም መድረክ ላይ ወጥተው የአገራቸውን ነገር በገዛ አንደበታቸው ዘፈኑ። ማንዴላም ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተፈቱ። ዘፈን ብቻውን ወህኒ ይከፍታል አንልም፤ ነገር ግን ስሙን ያልሰሙ ሚሊዮኖች ስሙን እየጠሩ እንዲጨፍሩ ማድረጉ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ በዚሁ ስታዲዮም ከሦስት ዓመት በፊት ስለ እኛ የተዘፈነውን እናስታውስ። የ1977 ዓ.ም. ረሀብ በወሎና በትግራይ፣ በሌሎችም አውራጃዎች ሕዝባችንን ሲፈጅ፣ በጥቅምት ወር ከኮረም የተላከው የቴሌቪዥን ዜና እንግሊዝን አስደነገጠ። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ዘፈን ጽፈው፣ የዘመኑን ታላላቅ ዘፋኞች ሰብስበው ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. በአንድ ቀን አስቀረጹት። ሐምሌ 6 ቀንም ላይቭ ኤይድ የተባለው ዝግጅት በዌምብሊና በፊላደልፊያ ተደረገ። በሚሊዮን የሚቈጠር ገንዘብ ተሰበሰበ፤ በዚያም ገንዘብ የተገዛው እህልና መድኃኒት የብዙ ሰው ነፍስ አድኗል። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው።

ግጥሙ ግን ሌላ ነገር ነው። የዘፈኑ ስያሜ ራሱ፣ እነዚያ ርሀብተኞች ገና መሆኑን ያውቁ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ጥያቄው የቀረበው ከዐራተኛው ምእት ዓመት ከንጉሥ ዒዛና ጀምሮ ክርስትናን ስለ ተቀበለ አገር ነው። ረሀቡ ክፉኛ ከጐዳቸው አገሮች አንዷ በሆነችው በወሎ፣ በላሊበላ ቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ካህናቱ በየዓመቱ ለገና «ቤዛ ኵሉ»ን ከላይና ከታች ተቀባብለው ይዘምራሉ። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም ነበር፤ በለንደን የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ጠርቶ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ዘፈኑ ስለ ሞት ይናገራል እንጂ የሚሞተው ሰው ማን እንደ ሆነ አይናገርም። ዜማውም መልካም ሆኖ ሳለ በአሳብ በኩል ከዳመርስ ዘፈን በእጅጉ የሚያንሰው በዚህ ይመስለናል።

በአገራችን ይህን ነገር ጠንቅቀው የሚያውቁ ጥንታውያን ዘፋኞች አሉን፤ ላሊበሎች። ላሊበላ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በሰው ደጅ ቆሞ ያዜማል፤ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ይቀባበላሉ። አስቀድሞም የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ቍጥር፣ ያገኘውን ሹመት ወይም የደረሰበትን ኀዘን ከጎረቤት ይጠይቃል። ያን ሁሉ በግጥሙ ውስጥ ያገባዋል። ባለቤቱ ከአልጋው ሳይነሣ የራሱን ታሪክ በዜማ ይሰማል፤ ምጽዋቱን ሲሰጥ ምርቃት ይቀበላል፤ የዘገየ እንደ ሆነም ግጥሙ ትንሽ ይቈነጥጠዋል። ላሊበሎች ይህን ማዜም ቢተዉ በሥጋ ደዌ እንያዛለን ይሉ ነበር። የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው፤ ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ምርምር የተቋቋመው አለርት ሆስፒታልም የሚገኘው በዚያው በኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ነው። የበሽታው ፍርሃት ቢሻርም፣ ስለ ሰው ከመዝፈን በፊት ስለ ሰውዬው መጠየቅ የሚለው ሙያቸው የሚሻር አይደለም።

ዘመናዊው ዘፈናችን ይህን ሙያ ሁልጊዜ በምቾት አልያዘውም። ማርሽና ኦርኬስትራ ከውጭ ሲመጡ የዘፈን ቃል ሥራ ከዘፋኙ ተለይቶ ለገጣሚ ተሰጠ፤ ከዚያም በኋላ ዘፋኙ ሲታወቅ ገጣሚው ተረሳ። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፅ አፈራ፤ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ ጊዜ ግን ጥላሁንም ከታሰሩት አንዱ ሆነ። በእንዲህ ያለ ዘመን ታሪክን በግልጥ የሚተርክ ዘፈን አደገኛ ነበርና ገጣሚዎች ነገራቸውን በፍቅር ዘፈን ሰም ሸፈኑት። አድማጩም ከሰሙ ውስጥ ወርቁን ፈልፍሎ ማውጣት ለመደ፤ አንዳንድ ጊዜም ገጣሚው ያላኖረውን ወርቅ ሳይቀር አወጣ።

ከሮክ ጋር ቀድሞ የተዛመደው የፖሊስ ኦርኬስትራው ዓለማየሁ እሸቴ ነው። በአለባበሱና በጠጕር አበጣጠሩ ኤልቪስ ፕሬስሊን ስለ መሰለ የኢትዮጵያ ኤልቪስ ተባለ። ዐምኃ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ1969 የግል የሸክላ ማሳተም ሥራውን የጀመረው በዓለማየሁ ዘፈን ነው። ኤልቪስን የመሰለው ይህ ሰው በሕዝብ ልብ የቀረው ግን በጠጕሩ አይደለም። ሀብትና ወገን የሌለው ወላጅ ልጁን ስለ ትምህርት የሚመክርበት «ተማር ልጄ» በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲሰማ ኖሯል፤ ብዙ መምህራንም ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ሸክላው በአንድ ፊቱ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዝ ስለ ነበር ረጅም ትረካ አያስተናግድም። ካሴት ሲመጣ ቦታው ሰፋ፤ ነገር ግን የደርግ ሳንሱርም አብሮ ነበረ።

ከረሀቡ በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም. ገደማ፣ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ቡድን ለተደረገልን ርዳታ ምስጋና ለማቅረብ በአውሮፓና በአሜሪካ ዞረ። በመንግሥት የተላከ ቢሆንም፣ በርሀብተኛ ፎቶግራፍ ብቻ የታወቀ ሕዝብ የገዛ ዜማውንና ልብሱን ይዞ በመድረክ መታየቱ ለላይቭ ኤይድ የተገባ መልስ ነበር።

ሌላው መልስ ዘግይቶ መጣ። የቻግኒዋ ተወላጅ እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው አልበም ውስጥ ስለ ዐድዋ ዘፈነች። ጦርነቱን አትተርክም፤ ዛሬ በነጻነት የቆመችበት ቀን የማን ሕይወት ዋጋ እንደ ሆነ ታስባለች። በእኛ ግምት በዚህ ዘመን ከተጻፉት የታሪክ ግጥሞች የሚበልጣት ጥቂት ነው። ቴዎድሮስ ካሣሁን በ2004 ዓ.ም. ባወጣው «ጥቁር ሰው» ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክንና የዐድዋን ዘመቻ በፉከራ ቃና ተረከ፤ ዘፈኑ ብዙ አስጨፈረ፣ ብዙም አከራከረ። ስለ ታሪክ የሚከራከር አድማጭ ማግኘት ለገጣሚ መታደል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ሮክ ከአገራችን ቅኝት ጋር በሙሉ ድምፁ ተገናኘ። አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ቀደም ሲል የእጅጋየሁን፣ ኋላም የጃኖን አልበም ፕሮዲዩስ አድርጓል። ጃኖዎች ድምፃቸው ብርቱ ነው፤ ግጥማቸውን ግን ከጊታሩ ነጎድጓድ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት አንዳንዴ ያደክማል። ጊታሩ ትንሽ ፋታ ቢሰጥ ቃሉ ይሰማ ነበር እንላለን።

የጌልዶፍና የዩር ዘፈን በበኩሉ አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ2014 ለኢቦላ መከላከያ ገንዘብ እንደ ገና ሲቀረጽ ትውልዱ ከጋና የሆነው ፊውዝ ኦዲጂ አፍሪካን የሚያሳይበት መንገድ አላስደሰተኝም ብሎ ሳይዘፍን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2024፣ በዐርባኛ ዓመቱ፣ የቀድሞዎቹ ቅጂዎች ተቀላቅለው እንደ ገና ወጡ፤ የዚያኑ ጊዜም ክርክሩ ተነሣ። በዚያው ዓመት ገና በላሊበላ እንደ ወትሮው ተከበረ።