የጠፉ የውሃ ወፎች በአጥንታቸው እንዴት እንደሚታወቁ

ታሪክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የነገሥታትን ዜና መዋዕል፣ የጦርነትን ወሬና በብራና የተጻፈውን መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ጽሕፈት ከመጀመሩ በፊት እጅግ የረዘመ ዘመን አልፏል፤ የዚያም ዘመን ምስክሮች ድንጋይና አጥንት ናቸው። ስለ ሰው ልጅ ጥንታዊ አጥንት በአገራችን ብዙ ተነግሯል፤ የድንቅነሽን ስም የማያውቅ ተማሪ የለም። ድንቅነሽ በኖረችበት ምድር፣ በውሃው ዳር ስለ ነበሩት ወፎች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከምድር ላይ የጠፉ የውሃ ወፎች በአጥንታቸው ብቻ እንዴት እንደሚታወቁና ይህ ዕውቀት ለእኛ ምን እንደሚጠቅም በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ አስቤአለሁ። የአገራችን አቈጣጠር ነው ካላልሁ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የወፍ አጥንት ከዘመን ወደ ዘመን መድረሱ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ወፍ ለመብረር እንዲቀለው የብዙ አጥንቶቹ ውስጥ ባዶ፣ ግድግዳቸውም ስስ ነው። ስለዚህ አውሬ ያደቅቃቸዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቃቸዋል፣ ጎርፍ ይሰባብራቸዋል። የውሃ ወፍ ግን በሐይቅ ወይም በወንዝ ዳር ስለሚሞት፣ አንዳንድ ጊዜ ጭቃው ፈጥኖ ይሸፍነዋል። በጭቃው ላይ ሌላ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ ይደረብበታል፤ በውሃ ውስጥ የሟሙት ማዕድናትም ቀስ በቀስ ወደ አጥንቱ ገብተው እንደ ድንጋይ ያጠነክሩታል። ይህን ሊቃውንት ቅሪተ አካል ይሉታል። ይሁን እንጂ ሙሉ ዐፅም የሚገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ በብዛት የሚገኘው የተሰበረ የክንፍ ወይም የእግር አጥንት ጫፍ ነው።

ታዲያ ከዚህች ስባሪ የወፉ ስም እንዴት ይታወቃል? ዶሮ ለበዓል በ12 ብልት የምታወጣ እናት ይህን ጥበብ በከፊል ታውቀዋለች። መላላጫውን ከፈረሰኛው፣ ክንፉን ከአንገቱ ለይታ ታውቃለች፤ ቢላዋዋም የት ላይ እንደሚገባ አትሳሳትም፤ መገጣጠሚያ ሁሉ የራሱ ቅርጽ አለውና። ሊቁም የሚሠራው እንዲሁ ነው። አጥንቱ የወፍ መሆኑን በስስነቱና በቅርጹ ካረጋገጠ በኋላ፣ ከየትኛው ብልት እንደ መጣ ይለያል። ከዚያም የመገጣጠሚያውን ጉብታና ጎድጓዳ፣ ጡንቻ የተያዘበትን ሻካራ ምልክት፣ ጅማት ያለፈበትን ቦይ ይመረምራል። በመጨረሻም ርዝመቱንና ውፍረቱን ለክቶ፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት ወፎች ዐፅም ጋር ጎን ለጎን ያስተያየዋል። ወንዱና ሴቷ በመጠን ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ጥቂት ልዩነት ስላየ ብቻ አዲስ ስም አይሰጥም። ልዩነቱ በአንድ ዝርያ ውስጥ ከሚታየው ልዩነት የበለጠ ሲሆን ግን፣ ይህ ወፍ ከጠፉት ወገን ነው ለማለት ይደፍራል።

ይህ የማስተያየት ሥራ ከድሮ ጀምሮ ከአገራችን ጋር ግንኙነት አለው። የጥንት ግብፃውያን አይቢስ የተባለውን የውሃ ወፍ እንደ ቅዱስ ቈጥረው፣ በድኑን በመድኃኒት አድርቀው በጨርቅ ጠቅልለው ይቀብሩት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ የአውሮፓ ሊቃውንት ያ ወፍ የትኛው እንደ ሆነ ጠፍቷቸው፣ ሌላ ወፍ ነው ብለው ያስቡ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ በአገራችን ስላየው «አቡ ሐንስ» ስለሚባል ወፍ ጽፎ፣ የጥንቱ አይቢስ ይህ ነው አለ። ትርጓሜውም አባ ዮሐንስ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ሊቅ ዦርዥ ኩቪዬ ከግብፅ መቃብር የወጡትን የወፍ አጥንቶች ለክቶ፣ በሕይወት ካለው ወፍ አጥንት ጋር አስተያየ፤ ብሩስም እውነት እንደ ተናገረ አረጋገጠ። ክርክሩን የፈታው የሰው ግምት ሳይሆን የአጥንቱ ልክ ነበር።

ወደ አገራችን ቅሪተ አካል ስንመለስ፣ ከሁሉ የሚጠቀሰው ቦታ በአፋር የሚገኘው ሀዳር ነው። በዚያ ቦታ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአገራችን አቈጣጠር የድንቅነሽ አጥንት ተገኘ፤ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከዚያው ከሀዳር የተሰበሰቡትን የወፍ አጥንቶች አሜሪካዊው ፒርስ ብሮድኮርብና ፈረንሳዊቷ ሴሲል ሙሬር-ሾቪሬ መርምረው፣ በ1982 አንድ የጠፋ የውሃ ወፍ አስታወቁ። ስሙንም «አንሂንጋ ሀዳሬንሲስ» አሉት፤ የሀዳር አንሂንጋ ማለት ነው። የአፋሯ ሀዳር ስም እንዲህ ባለ ወፍ ላይ መቅረቱ ለእኛ ክብር ነው።

የዚህ ወፍ ዘመድ ዛሬም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይኖራል። አንገቱ እንደ እባብ ረዥም፣ አፉም እንደ ጦር የሾለ ነው። አብዛኞቹ ወፎች ላባቸው ውሃ አያስገባም፤ የእርሱ ግን ይርሳል፤ አጥንቱም ከሌሎች ወፎች አጥንት ይከብዳል። በዚህም ምክንያት ወደ ውሃ በቀላሉ ይሰጥማል፤ ዓሣውንም አድብቶ በአፉ ይወጋል። ሲወጣ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። አንባቢ ሆይ፣ አሁን የአጥንቱን ምስክርነት አስተውል። ሀዳር ዛሬ የሚያቃጥል ደረቅ አገር ነው። ዓሣ አድኖ የሚኖር ወፍ ግን ውሃ በሌለበት አይኖርም። ስለዚህ በዚያ ጥንታዊ ዘመን ሀዳር ዓሣ የሞላበት፣ ጸጥ ያለ ውሃ እንደ ነበረበት ይህች ትንሽ አጥንት ትመሰክራለች።

ሁለተኛው ምሳሌ አባ ኮዳ ነው። አባ ኮዳን በሐዋሳ ዓሣ ገበያ ያየ ሰው ትልቅነቱን አይረሳም። ነገር ግን ከእርሱ የሚበልጥ የጠፋ ዘመድ ነበረው። ይህ ግዙፍ ወፍ አስቀድሞ የታወቀው በሕንድ አገር በተገኘ አጥንት ነበር። በ2005 ግን አንቷን ሉሻርና ጓደኞቹ ከቻድና ከኢትዮጵያ የወጡ አጥንቶችን መርምረው፣ ወፉ በአፍሪካም ከጥንት የሰው ዘመዶች ጋር በአንድ ዘመን እንደ ኖረ ገለጹ።

ለእኛ ለጉራጌ ልጆች ደግሞ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ከአረቅጥ ወደ ቡታጅራ ወርደን የአዲስ አበባን መንገድ ብንይዝ፣ ጢያን አልፈን በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬን እናገኛለን። ቦታው በ1963 ከታወቀ ወዲህ ብዙ የድንጋይ መሣሪያና ቅሪተ አካል ወጥቶበታል፤ በ2024ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ700,000 ዓመት በፊት በዚያ ጭቃ ላይ ዐዋቂዎችና ሕፃናት ረግጠውበታል፤ የጉማሬና የወፍ ዱካም በዚያው ታትሟል። ዱካ ወፍ ማለፉን ይነግረናል፤ የትኛው ወፍ እንደ ሆነ አጥርቶ ለማወቅ ግን አጥንት ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ አጥንት ያለ ቦታው ግማሽ ምስክር ነው። ዕድሜው የሚታወቀው ከተቀበረበት አፈርና አመድ ስለ ሆነ፣ አንስቶ ወደ ቤት የሚወስደው ሰው ታሪኩን ያጠፋዋል። በአገራችን አቈጣጠር የ1992ቱ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ በወንዝ ዳር የድንጋይ አጥንት ብናይ፣ ሳንነካ ለመምህራችን ወይም ለባህል ጽሕፈት ቤት እንናገር።

ሁለተኛው፣ የሞተውን የሚያውቅ ሕያውን ያወቀ ሰው ብቻ ነው። ብሮድኮርብ የሀዳርን ወፍ ለመለየት የቻለው ብዙ ሺህ የወፍ ዐፅም በፍሎሪዳ ሰብስቦ ስለ ነበረ ነው። የእኛ አገር አጥንት ከእኛ አገር ወፍ ጋር የሚስተያየው በሩቅ አገር ሣጥን ውስጥ ብቻ መሆን የለበትም። ወላጆቻችን ለበዓል ካረዱት ዶሮ አጥንት ጀምረን፣ በመምህራን መሪነት እያጸዳንና ስም እየጻፍን ብናስቀምጥ፣ ትምህርት ቤታችን በሚቀጥለው በዓሉ የሚያሳየው አንድ ሣጥን ይኖረዋል። ከዚያ ሣጥን ፊት ቆሞ የተማረ ልጅም አንድ ቀን ከመልካ ቁንጡሬ ወይም ከሀዳር የወጣን አጥንት በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጦ በገዛ ቋንቋው ስም ሊያወጣለት ይችላል።