ለገሃር፦ ስሙና ታሪኩ

በራዲዮ የሰማችሁት ንግግር እነሆ በጽሑፍ ቀርቦላችኋል። ጣታችሁን ከመስመሩ ላይ አድርጋችሁ፣ ሳትቸኩሉ አንብቡት።

ከገሱባ ተነሥቶ፣ በሶዶ በኩል አዲስ አበባ የደረሰ ሰው «ለገሃር! ለገሃር!» የሚል ጥሪ ሰምቶ ይሆናል። ለገሃር ምን ማለት ነው? ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳዮች «ላ ጋር» ይላሉ፤ «ጣቢያው» ማለታቸው ነው። የከተማው ሰው ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ለገሃር አለው።

ወደ ወላይታ የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋም። እኛ የምናውቀው የአውቶቡስ መናኸሪያን ነው። ቢሆንም ስንቅ ይዞ የሚሄድ፣ ዘመድ ለመቀበል ቆሞ የሚጠብቅ፣ ሸኝቶ የሚያለቅስ ሰው በሁለቱም ቦታ አለ። ስለዚህ የባቡር ጣቢያ ታሪክ ለእኛም እንግዳ አይሆንብንም።

ዐፄ ምኒልክ ሐዲድ እንዲሠራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱን የተቀበለው የስዊስ ተወላጁ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ለመድረስ ተራራው አስቸጋሪ ስለነበረ ሐዲዱ በሜዳው አለፈ። ጣቢያው በቆመበት ሜዳ ላይም ትልቅ ከተማ በቀለ።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ አጠረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ግን ይህን አላዩም፤ በ1906 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በባቡር ሦስት ቀን ሆነ።

ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተሠርቶ አለቀ። ከፊት ለፊቱ የአንበሳ ሐውልት ተተከለ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ከያዘ በኋላ ሐውልቱን ወደ ሮም ወሰደው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ተመልሶ ከቦታው ቆመ።

የድሮው ባቡር ወደ ለገሃር መምጣቱን ትቷል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ዳር፣ ለቡ ነው። ሆኖም ሰው ስሙን አልረሳውም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም በዚያ ያለውን ፌርማታ ለገሃር ብሎታል። ባቡሩ ሄደ፣ ስሙ ቀረ።

ይህን ሁሉ ልንነግራችሁ የቻልነው ዓመቱን የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። የእኛስ ታሪክ? የመጀመሪያው መኪና ገሱባ የገባው መቼ ነው? ማን ተሳፈረበት? ማንስ ፈርቶ ሸሸ? ይህን የሰሙ ሽማግሌዎችና እናቶች በመካከላችን ሳሉ ጠይቋቸው። ቃሉ ከእነሱ ጋር ከተቀበረ በኋላ መጠየቅ አይቻልም።

እንግዲህ የሚቀጥለው ሥራችሁ ይህ ነው። የነገሯችሁን በሦስት መስመር ጻፉ። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም፤ ታሪኩ ይቀመጥ። ደኅና ሁኑ።