ባቡር ያልወጣበት ደጋ
የጋሞ መንገዶችና የብስክሌት ጉዞ

መንገድ የአገር ታሪክ ነው። መጽሐፍ ቢጠፋ፣ ሐውልት ቢፈርስ፣ ሰው ለብዙ ዘመን ሲመላለስበት የኖረ መንገድ ግን የማን ደጅ ከማን ደጅ ጋር ይገናኝ እንደ ነበረ፣ ገበያው የት ይቆም እንደ ነበረ፣ ሹሙም የት ተቀምጦ ይፈርድ እንደ ነበረ ሳይመሰክር አይቀርም። ይህን ጕዳይ አጕልተው ከሚያስረዱን ያገራችን ክፍሎች አንዱ ጋሞ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የጋሞን ደጋና ቆላ ስለሚያገናኙት መንገዶች፣ እነርሱንም በሚገባ ለማየት ስለሚረዳው ስለ ብስክሌት ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

ጋሞ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምዕራብ ሽቅብ የተነሣ የተራራ አገር ነው። ከግርጌው አባያና ጫሞ የሚባሉት ሁለቱ ሐይቆች ጐን ለጐን ተኝተዋል፤ በመካከላቸው ያለው ጠባብ መሬትም የእግዜር ድልድይ ይባላል። ከአናቱ የጉጌ ተራራ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሐሬ የተባለው ወንዝ ከደጋው ወርዶ ወደ አባያ ሲፈስ፣ ኩልፎ ደግሞ የአርባ ምንጭን ከተማ ታክኮ ወደ ጫሞ ይገባል። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ሲሆን ከፍታዋ 1,300 ሜትር ያህል ነው። ከእርስዋ በስተ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። እንግዲህ መንገደኛ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ከሙዝና ከማንጎ ተክል ተነሥቶ ወደ እንሰት፣ ወደ ገብስና ወደ ቀርከሃ አገር ይገባል፤ ረፋድ ላይ ሙቀት ያስመረረው ሰው ማታ ጋቢ ይደርባል።

መኪና ከመምጣቱ በፊት የጋሞ መንገድ እንደ ዛሬው ቆላውን ተከትሎ የሚሄድ አልነበረም። ሕዝቡ በደጋው ላይ «ደሬ» በሚባሉ፣ ቍጥራቸው አርባ ገደማ በሚሆን አገሮች ተከፍሎ ይኖር ነበር። ደሬው ካዎና ሀላቃ የሚባሉ ባለ ማዕርጎች፣ እንዲሁም «ዱቡሻ» ነበረው። ዱቡሻ ማለት የአገሩ ሰዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት፣ የተጣላም የሚታረቅበት የተከበረ ሜዳ ነው። የእግር መንገዱ ከዱቡሻ ወደ ዱቡሻ፣ ከገበያ ወደ ገበያ የተራራውን ጀርባ ይዞ ይሄዳል። ገበያዎቹም የሳምንቱን ቀናት ተከፋፍለው ስለሚቆሙ፣ ነጋዴው ዛሬ ከአንዱ፣ በማግስቱ ከሌላው ይውላል። የዶርዜ ሸማኔ ሲሠራበት የኖረው ጥጥ ከቆላ ይወጣል፤ የደጋው እህልም ወደ ቆላ ይወርዳል። ነገር ግን የደጋው ሰው ወባንና ከብት የሚፈጀውን ገንዲን ስለሚፈራ፣ ቆላውን ጕዳዩን ፈጽሞ የሚመለስበት እንጂ ጐጆ ቀልሶ የሚያድርበት ስፍራ አላደረገውም። በዚያን ዘመን የአገሩ ልብ ከላይ ነበረ።

ይህ ነገር እንዴት እንደ ተለወጠ ለመረዳት፣ አስቀድመን ወደ ሌላው ያገራችን ክፍል፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬ ዳዋ ብንመለከት ይጠቅመናል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሥራ በ1890 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የታሰበው ሐዲዱ ሐረርን እንዲነካ ነበረ። ዳሩ ግን ባቡር አቀበት አይወድም። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ የሚይዘው ነገር ጥቂት ስለ ሆነ፣ ቍልቍለቱ ጠንከር ሲል መንሸራተት ይመጣል፤ ዳገቱን በዙሪያ ለማውጣትም ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይም ድሬ ዳዋ የተባለች አዲስ ከተማ ተቈረቈረች። ለብዙ መቶ ዓመታት የንግድ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር ከላይ ሆና ንግዱ ወደ ታች ሲወርድ ተመለከተች። ሐዲዱም ወደ ምዕራብ ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

አሁን ቍጥሩን እናስተያይ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ ቢካፈል ለአንዱ ኪሎ ሜትር 3 ሜትር ያህል ይደርሰዋል። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ግን በ37 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,400 ሜትር ይወጣል፤ ይኸውም ለአንዱ ኪሎ ሜትር 38 ሜትር ያህል ማለት ነው። እንዲህ ያለው አቀበት ለተራ ባቡር እጅግ የሚከብድ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በታሰበው የአገር አቀፍ ባቡር እቅድ ወደ ደቡብ የሚወርደው መስመር በአርባ ምንጭ በኩል እንዲያልፍ ተነድፎ ነበር፤ ሐዲዱ ግን አልተዘረጋም።

በጋሞ የባቡሩን ፋንታ የሠራው የመኪና መንገድ ነው። ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ፤ የመኪና ጎዳናም በየጠቅላይ ግዛቱ የሹምና የነጋዴ ምኞት እየሆነ ሄደ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ወባን ለማጥፋት በአገሪቱ ሥራ ተጀመረ። ከዚህ በኋላ የጨንቻ ብርድ፣ ጭጋግና አቀበት ለሹሙም ለነጋዴውም ችግር ሆኖ ታየ፤ የቆላው ሜዳና የሐይቁ ዳርቻ ግን ለእርሻና ለከተማ የሚጋብዝ ሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ዋና ከተማው ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። በሐረርና በድሬ ዳዋ የተፈጸመው፣ ባቡር ሳይኖር በጋሞ ተፈጸመ ማለት ነው።

አዲሲቱም ከተማ የአፈጣጠርዋን ታሪክ በመልክዋ ላይ ጽፋ ትታያለች። ሴቻ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ቢሮውን ሲይዝ፣ ሲቀላ ከታች ከሜዳው ላይ ገበያውን ይዟል፤ በመካከላቸው ዳገትና ጥቂት ኪሎ ሜትር አለ። በ1966 ዓ.ም. በምሥራቅ በኩል የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ፤ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ እርሱም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከደጋው የወረደ ገበሬ በሐሬ ወንዝ መስኖ ሙዝ ተከለ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ሰው በመኪና ተቀምጦ በቆላው ጎዳና ሲያልፍ፣ ጋሞ ማለት ሐይቅና ሙዝ ብቻ ይመስለዋል። ከላይ ያለው የቀደመው አገር፣ ዱቡሻውና የገበያው መንገድ፣ ከዐይኑ ይሰወርበታል።

ብስክሌት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ሁለት እኩል መንኰራኵሮች ያሉት፣ በሰንሰለት የሚነዳው ብስክሌት በእንግሊዝ አገር የወጣው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ነው፤ በአየር የሚነፋው ጎማ በ1888 ተጨመረለት። እንግዲህ ዕድሜው ከምድር ባቡራችን ጥቂት ቢበልጥ ነው። ኢትዮጵያ በመጀመሪያ በተሳተፈችበት የኦሊምፒክ ውድድር፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ከላከቻቸው 12 ስፖርተኞች መካከል ብስክሌት ነጂዎች እንደ ነበሩ፣ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ እንደ ሆነ ብዙ ሰው አያስታውስም። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር ገብቶ ጋለበ። ለጕብኝት የሚደረገውም ጉዞ አገራችንን አልዘነጋም፤ በ1995 ዓ.ም. ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የተጀመረው ረጅም የብስክሌት ጉዞ ኢትዮጵያን ሲያቋርጥ፣ በአንዳንድ ዓመታት በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል አልፏል።

ብስክሌት ከእግረኛ ይፈጥናል፤ ከመኪና ግን ይዘገያል። ይህ መካከለኛነቱ አገርን ለማወቅ የተመቸ ያደርገዋል። ከሲቀላ ወደ ሰሜን የሚነሣ ነጂ መጀመሪያ በሜዳው፣ በሙዝ ማሳዎች መካከል ያለ ድካም ይሄዳል። ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ተራራው ሲዞር ግን የታሪኩን ሚዛን በጕልበቱ ይመዝነዋል። ትንሹን ጥርስ አስገብቶ፣ ትንፋሹን ቈጥቦ፣ እንደ ተረቱ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እያለ ካልወጣ በቀር ከዶርዜ አይደርስም። በየመታጠፊያው ሲያርፍ ሁለቱ ሐይቆች ከበታቹ እየሰፉ ይታዩታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሙዙ አልቆ እንሰቱ ይጀምራል፤ ከቀርከሃ የተሠሩት የዶርዜ ረጃጅም ቤቶችም ይታያሉ፤ የሸማኔው መወርወሪያ ድምፅም ይሰማል። ያን ጊዜ ዋና ከተማው ለምን ከላይ እንደ ነበረ፣ ለምንስ ወደ ታች እንደ ወረደ፣ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ለእንዲህ ያለው ጉዞ ወቅት መምረጥ ያስፈልጋል። በአርባ ምንጭ አካባቢ ዝናቡ በሚያዝያና በግንቦት ይበረታል፤ በመስከረምና በጥቅምትም እንደ ገና ይመለሳል፤ ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ከዳገቱ ይልቅ ቍልቍለቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፍሬን ያለ ማቋረጥ ከተያዘ ይግላል፤ ኀይሉም ይደክማል። ስለዚህ አስተዋይ ነጂ ፍሬኑን እየያዘና እየለቀቀ፣ በየጊዜውም ቆሞ እያበረደ ይወርዳል።

በሌሎች አገሮች ለጕብኝት ብስክሌት እጅግ የሚወደደው መንገድ ባቡር የተወው መንገድ ነው። ሐዲዱ ሲነሣ ለዘብ ያለው ዳገቱ፣ ድልድዩና የተቈፈረው ዋሻ ስለሚቀር፣ ሽማግሌም ሕፃንም ያለ ድካም ይሄድበታል። በእንግሊዝ አገር ከብሪስቶል እስከ ባዝ ያለው 21 ኪሎ ሜትር የቀድሞ የባቡር መስመር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1979 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ለእግረኛና ለብስክሌት ተዘጋጀ። እስፓኝም ከ1993 ጀምሮ ባቡር የማይሄድባቸውን መስመሮች አረንጓዴ መንገድ እያለች ታበጃለች። በእኛም አገር በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ የቀድሞው ሐዲድ በብዙ ስፍራ ባቡር የማያልፍበት ሆኗል፤ ምን እንደሚደረግበት ሊታሰብ ይገባል።

ጋሞ ግን የተተወ ሐዲድ የለውም። ያለው ከሐዲድ የሚበልጥ ጥንታዊ ነገር ነው፤ እርሱም በተራራው ጀርባ ላይ የሚሄደው የገበያ መንገድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ግን መዘንጋት አይገባም። የብሪስቶል ሐዲድ ባለቤቱ ትቶት ነበር፤ የጋሞ መንገድ ግን ባለቤት አለው። እንጨትና እንስራ የተሸከመች ሴት፣ ሸማውን ጠቅልሎ ወደ ገበያ የሚወርድ ሸማኔ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ ዛሬም ይሄዱበታል። እንግዲህ ይህን መንገድ ለጐብኚ እናብጀው የሚል ሰው ቢነሣ፣ መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ለእነዚህ ነው። ጐርፍ የበላውን መጠገን፣ ወንዙ ላይ መሻገሪያ ማበጀት፣ ከዛፍ ጥላ ሥር የሸክም ማሳረፊያ መሥራት፣ ይህ ለእግረኛው የሚጠቅም ሁሉ ለብስክሌት ነጂውም ይጠቅማል። ለጐብኚው ብቻ ተብሎ የተሠራ ግን እግረኛውን ከገዛ መንገዱ ያስወጣዋል። ነጂውም በበኩሉ ገበያ ሲደርስ ወርዶ መግፋት፣ በዱቡሻ ሜዳ ላይ ሽማግሎችን ሳያስፈቅድ አለመግባት፣ ሸክም ለያዘ ሰው መንገድ መልቀቅ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የማይዘገይ ሥራ አለ። የመኪናው ጎዳና በካርታ ላይ ተሥሏል፤ የደጋው መንገድ ስም፣ መሻገሪያውና ማረፊያው ግን ከብዙው በሽማግሎች ልብ ውስጥ ብቻ ተጽፎ ይገኛል። መንገድ የሚጠፋው ሣር ሲበቅልበት ብቻ አይደለም፤ ስሙን የሚጠራ ሲታጣም ይጠፋል። ስለዚህ በአርባ ምንጭና በጨንቻ ያሉ መምህራንና ተማሪዎች፣ እግር ያለው በእግሩ፣ ብስክሌት ያለው በብስክሌቱ እየወጡ፣ ከየደሬው ሽማግሎች ጠይቀው የመንገዶቹን ስምና ታሪክ ቢጽፉልን፣ ለጋሞ ብቻ ሳይሆን ለኢትዮጵያ ታሪክ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። ባቡር ያልወጣውን ደጋ ብዕር እንዲወጣው ምኞታችን ነው።