በውኃ ዳር የቆሙ ቤቶች፤ ጎርጎራና ጋርዳ

በሰሜን ኢጣልያ ጋርዳ የሚባል ሐይቅ አለ፤ በዚያ አገር ካሉት ሐይቆች ሁሉ በስፋት የሚበልጠው እርሱ ነው። በምዕራቡ ዳር ጋርኛኖ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ሎሚና ወይራ በሚበቅልበት ምድር፥ ከውኃው አፋፍ ላይ አንድ ያማረ ቤት ቆሟል። በእንጨት ንግድ የከበሩ ፌልትሪኔሊ የሚባሉ ቤተ ሰቦች በ1884 ዓ.ም. ገደማ ለበጋ ዕረፍታቸው ያሠሩት ነው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሆቴል ሆኗል። ክፍሎቹ ሃያ ያህል ብቻ ናቸው፤ ዋጋው ግን ለብዙ ሰው የሚቀመስ አይደለም። ሙሽሮች ከሰርጋቸው በኋላ፥ የቆዩ ባልና ሚስትም የጋብቻቸውን መታሰቢያ ሊያከብሩ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ጧት መስኮቱን ከፍተው ውኃውን ያያሉ።

ይህ ልማድ ለሮማውያን አዲስ አይደለም። ትንሹ ፕሊንዮስ የሚባለው የሮማ ጸሓፊ፥ ከክርስቶስ ልደት በኋላ መቶ ዓመት ገደማ፥ በኮሞ ሐይቅ ዳር ሁለት ቤቶች ነበሩት፤ በከፍታው ላይ የቆመውን «ትራጄዲያ»፥ በውኃው ዳር የተኛውን «ኮሜዲያ» ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ቀልዱ ከተዋንያን ጫማ የመጣ ነው፤ የኀዘን ጨዋታ የሚጫወተው ሰው ከፍ ያለ ጫማ፥ የሣቅ ጨዋታ የሚጫወተው ዝቅ ያለ ጫማ ያደርግ ነበርና።

ይህን ሁሉ መጻፋችን የኢጣልያን ሐይቅ ለማመስገን አይደለም። በጋርኛኖው ቤት ከ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 1937 ዓ.ም. ሚያዝያ ድረስ ያደረውን ሰው የጎንደርና የደምቢያ ሕዝብ በግድ ስላወቀው፥ የእርሱም ጭፍሮች በእኛ ሐይቅ ዳር ምልክታቸውን ትተው ስለ ሄዱ ነው። ነገሩን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ወደ ጎርጎራ መውረድ ይገባል።

ከማራኪ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል የሚወርድ መንገደኛ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፎ፥ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጎርጎራ ይደርሳል። ጎርጎራ በጣና ሰሜናዊ ዳር ወደ ውኃው የገባች ምድር ናት። በዚህ ዳር አስቀድመው ያደሩት ነገሥታት አይደሉም፤ መነኮሳት ናቸው። ደብረ ሲና ማርያምም መንዳባ መድኃኔ ዓለምም ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፥ ማለት ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም. ከነበረው ጊዜ፥ የሚቈጠሩ ናቸው። አባቶች ሐይቁን የመረጡት ለዓይን ደስታ አልነበረም፤ እንደ አጥር አድርገው ያዙት እንጂ። በግራኝ ዘመን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ የተሸሹት አጥሩ የታመነ ስለ ነበረ ነው። በታንኳ የደረሰውን መንገደኛ ግን ስሙንና አገሩን ከመጠየቅ በፊት ያሳርፉታል፥ ከዳቤውም ይቈርሱለታል። በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች እግራቸውን አጥቦ የተቀበለው አብርሃም ዋጋ አልተመነላቸውም፤ ገዳማውያኑም ይህንኑ ሥርዓት ይዘው ኖሩ።

ሁለተኛው ቤት የንጉሥ ቤት ነው። ከ1599 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ ክረምቱን የሚያሳልፉበት ከተማ ሲፈልጉ ጎርጎራን መረጡ። በዚያው ዘመን ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የእስጳንያ ተወላጅ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በአገራችን ነበረ፤ የገባው በ1595 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ በጎርጎራ ምድር ሰጡት፤ እርሱም በ1606 ዓ.ም. ገደማ ለንጉሡ በነጭ ጥርብ ድንጋይ ባለ ፎቅ ቤት ሠራላቸው። የማኅበሩ ጸሓፊዎች እንደ ተረኩት፥ መዶሻውንና መሮውን ሳይቀር ራሱ አሠርቶ፥ የአገሩን ሰዎች ድንጋይ መጥረብና እንጨት ማያያዝ እያስተማረ ነው የሠራው። ሕዝቡ ከሩቅ አገር እየመጣ ያየው ነበር፤ ስሙንም «በቤት ላይ ቤት» አሉት። ከላይኛው ፎቅ ሐይቁ ይታይ ነበር። ኖራ የሚሆን ድንጋይ የታወቀው ከዚህ በኋላ በ1613 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የደንቀዝ፥ ኋላም የጎንደር ግንቦች በኖራ ተሠሩ። ይሁን እንጂ የግንብ ሥራ ሁሉ ከፈረንጅ መጣ ብሎ መናገር ልክ አይመስለንም። ከእንፍራንዝ በላይ ጣናን ቍልቍል የሚያየውን የጉዛራን ግንብ ትውፊት ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጣል፤ እርሳቸውም ያረፉት ፓኤዝ ከመግባቱ በፊት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የቤት ነገር ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን የሃይማኖት ነገር ሆነ። ፓኤዝ ትዕግሥተኛና ቋንቋ ዐዋቂ ሰው ነበረና ምድር የተሰጠው እንግዳ ቀስ በቀስ የንጉሡ መካር ሆነ። ይህን ያልወደዱት ብዙዎች ነበሩ። የንጉሡ አማች ዮልዮስ በዐመፅ ተነሥቶ በወደቀ ጊዜ፥ በ1609 ዓ.ም.፥ ከእርሱ ጋር የቆሙት ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም በጦር ሜዳ ተገደሉ። በ1614 ዓ.ም. ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን ገለጹ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ አልነበረም። ንጉሡና መኳንንቱ በ1618 ዓ.ም. በፊቱ ተንበርክከው ለሮማ እንዲምሉ አደረገ፤ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ጾሙና በዓሉ እንዲለወጥ አዘዘ። በደጅ ያደረ እንግዳ የቤቱን ምሰሶ ልንቀል ባለ ጊዜ ባለቤቱ ዝም አይልም። ላስታ ሸፈተ፥ ሌላውም አገር ተነሣ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን በሜዳው የወደቁት ስምንት ሺህ ያህል ነበሩ ተብሎ ተጽፏል፤ ሁሉም የተጠመቁ ክርስቲያኖች ነበሩ። በዚያው ወር የእስክንድርያ ሃይማኖት ይመለስ ተብሎ ዐዋጅ ተነገረ፥ ንጉሡም መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በመስከረም 1625 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መቃብራቸው በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው። ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጥተው በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈሩ። ከተማቸውን ከሐይቁ ዳር ማራቃቸውን ብዙ ሰው በወባና በጦር ምክንያት ይተረጕመዋል። እኛ ግን የአባታቸው ቤት ትዝታም ሳይከብዳቸው አልቀረም ብለን እናስባለን።

በጎርጎራ የቀረው ዛሬ ማርያም ግምብ የሚባለው ፍርስራሽ ነው። በአበባ ቅርጽ የተቀረጹ ድንጋዮች ነበሩበት፤ ቆመው ከነበሩት ክፍሎች አብዛኛው በእኛ ዘመን ወደቀ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የማድሪድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት መጥተው ቈፍረው መርምረውታል፤ ስለዚህም መጽሐፍ ጽፈዋል። ከእኛ ወገን አንዳንድ ሰው «የካቶሊኮች ቤት ነውና ይውደቅ» ሲል ይሰማል። ይህን አንቀበልም። ድንጋዩን የጠረቡት የደምቢያ ሰዎች እጆች ናቸው፤ ያሠሩትም ንጉሥ ያረፉት በእኛ ቤተ ክርስቲያን ምድር ነው። ሃይማኖታቸውን የጠበቁት አባቶች ምን ያህል ፈተና እንደ ገጠማቸው ለልጅ የሚነግረው ይኸው ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ከጠፋ ታሪኩን የሚነግረን ሜንዴዝ የጻፈው ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው አዳሪ የመጣው ሳይጠራ ነው። ጣና የዓባይ መነሻ በመሆኑ የውጭ መንግሥታት ዓይን ከርሱ ተለይቶ አያውቅም። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ሐይቁ ተጠቅሷል። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣልያ ባለቤቱን ሳይጠይቁ በደብዳቤ ተስማሙ፤ እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ሊሠራ፥ ኢጣልያም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አልፎ ኤርትራንና ሶማልያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ነገሩን ለመንግሥታት ማኅበር አቅርበው ተቃወሙ፤ ያን ጊዜ ደብዳቤው ብቻውን ቀረ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ግን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ጎንደር ገባ፥ በሚቀጥለውም ወር ወደ ጣና ወረደ። በጎርጎራ ወደብ ሠራ፤ በኮረብታውም ላይ የሙሶሊኒን መንግሥት የሚያወድስ ሐውልት አቆመ። በያዛቸው ከተሞች፥ በጎንደርም ጭምር፥ ሆቴል የሚያሠራ ኩባንያ አቋቁሞ ነበር፤ ከአገሩ የሚመጣው ሰው በእኛ ምድር እንደ ባለቤት እንዲያርፍ ዐስቦ ነው። ዕረፍቱ ግን አምስት ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ሆነ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናዚ በጎንደር እጁን ሰጠ፤ በአገራችን የመጨረሻው የኢጣልያ ምሽግም ይኸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ልብ ወለድ ይመስላል፤ ግን የተፈጸመ ነው። ከጣና በስተ ደቡብ ያለውን ጎጃምን ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ ይገዙ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በሽሬ ተዋግተው፥ ወደ ምዕራብ አፈግፍገው፥ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጠላት እጅ ወደቁ። ወደ ኢጣልያም ተወስደው ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት በግዞት ተቀመጡ። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣልያ ንጉሥ ሙሶሊኒን ሽሮ አሰረው። ያሰሩት ሰዎች ወደ ፖንዛ ወሰዱት፤ ያስገቡትም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው በዚያው ቤት ነው። ስድሳኛ የልደት ቀኑን ያከበረው በዚያ ነው። ራስ እምሩ ያዩትን ባሕር በዚያው መስኮት ሲያይ ምን እንዳሰበ እግዚአብሔር ያውቃል፤ አንባቢ ግን ከመዝሙረ ዳዊት የሚስማማውን ጥቅስ ለራሱ መፈለግ አያቅተውም።

ከፖንዛ ወደ ሌላ ደሴት፥ ከዚያም በተራራ ላይ ወዳለ ሆቴል ወሰዱት፤ ከሆቴሉ ጀርመኖች በአውሮፕላን አወጡትና በጋርዳ ዳር አስቀመጡት። የፌልትሪኔሊ ቤት ያን ጊዜ ከእስር ቤት የሚሻለው በአትክልቱ ነበር፤ የጀርመን ወታደሮች ይጠብቁት ነበርና። ሐይቅን አይወድም ነበር ይባላል፤ ወንዝም ባሕርም ያልሆነ ነገር ነው እያለ። በጎርጎራ ኮረብታ ላይ ሐውልት ያስቆመ ሰው ሐይቅ ጠልቶ በሐይቅ ዳር መኖሩ ይደንቃል። ከዚያ ሲሸሽ የተያዘውም ሚያዝያ 19 ቀን 1937 ዓ.ም. በሌላ ሐይቅ፥ በኮሞ ዳር፥ የጀርመን ወታደር ካፖርት ለብሶ በጭነት መኪና ተሸሽጎ ሳለ ነው። የመጨረሻ ሌሊቱን ከወዳጁ ከክላራ ፔታቺ ጋር በአንድ ገበሬ ቤት አደረ፤ በማግሥቱ ሁለቱም ተረሸኑ። በጋርኛኖ የሚያድሩ ሙሽሮች ይህን ታሪክ ከአልጋቸው ጋር ይከራዩታል፤ አውቀውትም ቢሆን ሳያውቁት።

ወደ አገራችን እንመለስ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ «ገበታ ለሀገር» በሚል ስም ከታወጁት ሥራዎች አንዱ የጎርጎራ ነበረ፤ ሐይቁን የሚያይ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያም ተሠርቶ ተከፍቷል። የጎንደር ሙሽሮች ከእንግዲህ ውኃ እያዩ ለማደር ጋርዳ መሄድ አያሻቸውም። ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ጋብቻን ከነደስታው ትባርካለች እንጂ ደስታውን አትከለክልም። የሚያሳስበን ሌላ ነው። እንግዳው ጧት ተነሥቶ «ያ ኮረብታ ላይ ያለው ምንድር ነው? ያስ የፈረሰው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ የሚመልስለት ማን ነው? ሐውልቱ የጠላት ነውና ይፍረስ የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ቆሞ ይመስክር፥ አጠገቡ ደግሞ ኅዳር 18 ቀን በጉልህ ይጻፍ እንላለን። ማርያም ግምብም በየክረምቱ አንድ አንድ ድንጋይ ከመጣሉ በፊት የሚጠግን ያስፈልገዋል፤ ለአዲስ ግንብ ገንዘብ ከተገኘ ለአሮጌው ማስደገፊያ አይጠፋም። የደብረ ሲና ካህናትም ከሆቴሉ ሰዎች ጋር ተነጋግረው፥ ታሪኩን ከነመራራው የሚናገር አንድ የተማረ ዲያቆን ቢመድቡ መልካም ነው።

ዲያቆኑ እንግዳውን በመጀመሪያ ወደ ደብረ ሲና ማርያም ቢያስገባው ይሻላል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች መካከል የሥዕሉን ሥራ ያሠራችው ወይዘሮ መላኮታዊት ተሥላ ትታያለች። ልጅነቷ ለዐፄ ሱስንዮስ ነው፤ ለዐፄ ፋሲለደስም እኅታቸው ናት። የአባቷ ግንብ ባለበት ዳርቻ፥ የአባቷ ዐዋጅ የከፈለውን ሕዝብ በሚያስቀድስበት ቤት፥ በእመቤታችን ሥር ተደፍታ ትለምናለች።