ጥንድ ሆኖ መብረር፦ የተዋጊ አውሮፕላኖች ሰልፍና የኦጋዴን የአየር ውጊያ



በወልድያና በመርሳ መካከል ካለችው ሲሪንቃ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ደሴ ያደርሳል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ በአየር ላይ የሚገጥማቸው አንድም ኢትዮጵያዊ ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ባሰሙት አቤቱታ፣ መርዝ የሚረጩት አውሮፕላኖች በ9፣ በ15 እና በ18 እየሆኑ ይፈራረቁ እንደነበር ገልጸዋል። እንዲህ ያለው ሰልፍ የሚያስበው ስለ ዒላማው ብቻ ነው። በሰማይ ላይ ተቀናቃኝ ሲኖር ግን ሰልፍ የመትረፍ ጉዳይ ይሆናል።

ይህን ትምህርት የዓለም አየር ኃይሎች የቀሰሙት በዚያው ዘመን ነው። የእንግሊዝ ተዋጊዎች ሦስት ሦስት ሆነው ተጠጋግተው ይበሩ ነበር። ሁለቱ ተከታዮች እንዳይጋጩ ዓይናቸውን ከመሪው ስለማይነቅሉ፣ ሰማዩን ለመቃኘት የሚችለው በአብዛኛው መሪው ብቻ ነበር። ጀርመናዊው ቨርነር ሞልደርስ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ያዳበረው ሰልፍ ግን መሠረቱ ጥንድ ነው፤ ሁለት ጥንዶች እንደ አራት ጣቶች ጫፍ ተዘርግተው ይበራሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲሰፋ እያንዳንዱ አብራሪ የባልንጀራውን ጀርባ ለመጠበቅ ፋታ አገኘ። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1940 ብዙ አብራሪዎች ካጡ በኋላ ይህንኑ ሰልፍ ተቀበሉ።

የጥንድ በረራ ሥርዓት በአሜሪካ ሥልጠና በኩል ወደ ኢትዮጵያ አየር ኃይልም ደረሰ። ከሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጀምሮ አብራሪዎቻችን በኤፍ 5 አውሮፕላን በቁጥር የሚበልጡትን የሶማሊያ ሚግ 17 እና ሚግ 21 ተዋጊዎች ገጠሙ። ሚግ 21 በፍጥነት ይበልጣል። የእኛ ኃይል የተመካው በአብራሪው ሥልጠናና በጥንዶች መደጋገፍ ላይ ነበር። የአየር የበላይነቱም የኢትዮጵያ ሆነ።

ታሪካችን ከዚያ ውጊያ በዋናነት የያዘው የተኳሾችን ስም ነው። ጠላትን በመጣል ስማቸው የገነነውን፣ ተመትተውም ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ የታሰሩትን ለገሰ ተፈራን ማንሳት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መሪው ዒላማው ላይ እንዲያተኩር ያስቻለው ከኋላው ያለው ተከታይ ነው። ተከታዩ የሠራው ሥራ ውጤት ያልደረሰ አደጋ ነውና በድል መዝገብ ላይ አይቈጠርም።

ተማሪዎቻችን ሆይ፣ የዚያ ዘመን አብራሪዎች አርጅተዋል። ስታገኟቸው «ስንት ጣሉ?» ከማለታችሁ በፊት «ከኋላዎ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት።