ወርቃማ ዓሣን በአነስተኛ የቤት ውስጥ አኳሪየም ለጊዜው ስለማቆየት

በተለምዶ ጎልድፊሽ እየተባለ የሚጠራው ወርቃማ ዓሣ ለምግብ ሳይሆን ለዕይታ የሚረባ፣ ከካርፕ ዓሣ ቤተሰብ የሚመደብ እንስሳ ነው። መገኛው ቻይና ሲሆን፣ ቀይና ቢጫ ቀለም ያላቸውን እየመረጡ የማራባቱ ልማድ በዚያው አገር ከተጀመረ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። በአግባቡ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። በእንግሊዝ አገር በአንድ ቤተሰብ እጅ የነበረ ወርቃማ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1999 የሞተው በ43 ዓመቱ ነበር።

ይሁንና ብዙዎቹ ወርቃማ ዓሦች በተገዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ጉዳቱ የሚደርሰውም በአብዛኛው “ለጊዜው” በሚባለው ወቅት ነው፤ ዋናው አኳሪየም እስኪዘጋጅ፣ የተሰነጠቀው መስታወት እስኪለወጥ ወይም የመኖሪያ ቤት ዝውውሩ እስኪጠናቀቅ ባሉት ሳምንታት ማለት ነው። ቆይታው አጭር ስለሆነ ጥንቃቄው ሊቀንስ ይችላል የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። እንዲያውም አዲስ የተሞላ ውሃ ከቆየ አኳሪየም የበለጠ ክትትል ይሻል።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ዓሣው በስንጥቡና በዓይነ ምድሩ አማካይነት አሞኒያ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ወደ ውሃው ያስወጣል። በቆየ አኳሪየም ውስጥ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህንን አሞኒያ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ በበቂ መጠን እስኪራቡ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ስለሆነም በጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ የባክቴሪያዎቹን ሥራ ተክቶ የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ ነው። በየዕለቱ ከውሃው ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉን ቀድቶ በማውጣት በተዘጋጀ ውሃ መተካት ይኖርበታል። አሞኒያ ቀለም ስለሌለው ውሃው ጥርት ብሎ መታየቱ ለደህንነቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ከነባር አኳሪየም የተወሰደ ያገለገለ ስፖንጅ ሳይደርቅና በቧንቧ ውሃ ሳይታጠብ ማስገባት ከተቻለ፣ ባክቴሪያዎቹ አብረው ስለሚመጡ የጥበቃው ጊዜ በእጅጉ ያጥራል።

የቧንቧ ውሃ ለጤና ተብሎ በክሎሪን የሚታከም በመሆኑ በቀጥታ ከተጨመረ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። አፉ ሰፊ በሆነ ሳፋ ወይም ባልዲ ተቀድቶ ሳይከደን ለ24 ሰዓት ቢቆይ ክሎሪኑ ተንኖ ይወጣል። በተዘጋ ጀሪካን የቆየ ውሃ ግን ይህንን ጥቅም አይሰጥም። የጉድጓድ ውሃ ክሎሪን ባይኖረውም ብዙውን ጊዜ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላው ደጋግሞ ከፍ አድርጎ ማንቆርቆር ይረዳል።

የኦክስጅን ጉዳይ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚኖሩ ሰዎች የተለየ ትርጉም አለው። ከአዲስ አበባ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ተፍኪ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሱሉልታ ደግሞ ከዚህም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ሙቀት ያለው ውሃ ሊይዝ የሚችለው የኦክስጅን መጠን በባህር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ የሚሰጠው የዓሣና የውሃ ምጣኔ በእኛ አገር ደጋማ አካባቢዎች እንዳለ ሊሠራ የማይችለው ለዚህ ነው። ከ40 ሊትር ባላነሰ ውሃ አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት ትናንሽ ዓሦችን ማቆየቱ ይመረጣል። ዕቃው ረጅምና ጠባብ ከሚሆን ዝቅ ብሎ ሰፊ ቢሆን ይሻላል፤ አየር የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ነውና። ክብ የመስታወት ሳህን ለዓይን ቢያምርም እስከ አፉ ሲሞላ ገጹ ስለሚጠብ ለዚህ አገልግሎት አይመከርም። የአየር ፓምፕ ካለ መልካም ነው፤ መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ ደግሞ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ መልሶ ማፍሰስ ለጊዜው ያገለግላል። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈት ከደን ማድረግ ከጀመረ ርቦት ሳይሆን አየር አጥሮት ሊሆን ስለሚችል፣ ምግብ ከመጨመር ይልቅ ውሃውን መለወጥ ያስፈልጋል።

የሌሊቱ ብርድ ብዙም አያሳስብም። ወርቃማ ዓሣ የቀዝቃዛ ውሃ እንስሳ በመሆኑ ማሞቂያ አይፈልግም፤ የሚጎዳው ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ነው። ከአዲስ አበባ ተገዝቶ በፌስታል የመጣ ዓሣ ከነፌስታሉ በአዲሱ ውሃ ላይ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ እንዲንሳፈፍ ከተደረገ በኋላ ዓሣው ብቻ ይገባል፤ የፌስታሉ ውሃ ይደፋል።

ምግብን በተመለከተ በቀን አንድ ጊዜ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ መጠን ይበቃል። ጤነኛ ዓሣ ለጥቂት ቀናት ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም። ዳቦና እንጀራ ፈርፍሮ መስጠት ውሃውን ስለሚያበላሽ ሊቀር ይገባል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ዓሣው በማይፈለግበት ጊዜ የሚደረገው ነገር ነው። በርኅራኄ ተነሳስቶ ወደ ወንዝ መልቀቅ ከባድ ስህተት ነው። ተፍኪ የምትገኝበት የበቾ ሜዳ ዋልካ አፈር ያለው፣ ክረምት ሲገባ በሰፊው ውሃ የሚተኛበትና በአዋሽ ወንዝ የሚታጠብ አካባቢ ነው። በሐምሌ ወር ቦይ ውስጥ የተደፋ አንድ ባልዲ ውሃ አዋሽ ለመድረስ ብዙ አይርቀውም፤ ከዚያም ቁልቁል የቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ወርቃማ ዓሣ በሰፊ ውሃ ውስጥ በፍጥነት ያድጋል፣ ጭቃ እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል። በአዋሽ ውስጥ ደግሞ ከእርሱ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ አገር በቀል ዓሦች አሉ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የምትገኘው የበርንስቪል ከተማ አስተዳደር በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ከአንድ ሐይቅ ውስጥ እጅግ የገዘፉ ወርቃማ ዓሦች ከተያዙ በኋላ ነዋሪዎች የቤት ዓሦቻቸውን እንዳይለቁ ለማሳሰብ ተገዷል። በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የዓሣ ብዝሃ ሕይወትንና መኖሪያውን መጠበቅን ከዓላማዎቹ መካከል አስፍሯል።

ዓሣውን ማቆየት ያልቻለ ሰው አኳሪየም ላለው ሌላ ሰው ወይም ለሸጠው ነጋዴ ሊመልስ ይችላል። በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘውና ስለ ዓሣ እርባታ ምርምር የሚያካሂደው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም እዚያው ሰበታ ላይ ስለሆነ፣ ባለሙያ ለማማከር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከማቆያው የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ለቦይ ሳይሆን ለጓሮ አትክልት ይዋል፤ ጎመኑንና ቃሪያውን የሚያፋፋ ማዳበሪያ አለበት።