ባዶ ቦታና ትእምርተ ጥቅስ፦ ከዩኒክስ ሼል ታሪክ አንድ ምዕራፍ

በቀድሞው የግዕዝና የአማርኛ አጻጻፍ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነበር። ምልክቱ በዐይን ስለሚታይ አንዱ ቃል የት እንደሚያበቃ አንባቢው አይጠራጠርም። በዩኒክስ ሥርዓት ግን ይህን ኀላፊነት የተሸከመው የማይታየው ባዶ ቦታ ነው። ትእዛዝ ተርጓሚው ሼል የተቀበለውን መስመር በባዶ ቦታ እየከፈለ የመጀመሪያውን ቃል ትእዛዝ፣ ተከታዮቹን አርጉመንቶች ያደርጋቸዋል። ባዶ ቦታ ያለበት ስም እንዳይከፈል ሲፈለግ በትእምርተ ጥቅስ ይታጠራል።

ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፈው የመጀመሪያው የዩኒክስ ሼል ስም የሚሰጣቸው ተለዋዋጮች አልነበሩትም። እ.ኤ.አ. በ1979 በሰባተኛው የዩኒክስ እትም የወጣው የስቲፈን ቦርን ሼል ግን ተለዋዋጭን የፕሮግራም አጻጻፍ ዋና መሣሪያ አደረገው። ችግሩም የተወለደው ከዚሁ ነው።

የቦርን ሼል ሥራውን የሚያከናውነው በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ በመስመሩ ላይ የተጻፉትን ትእምርተ ጥቅሶች ይለያል፤ ቀጥሎ ተለዋዋጩን በይዘቱ ይተካል፤ ከዚያም የተተካውን ጽሑፍ በባዶ ቦታ ይከፍለዋል። እንግዲህ አንድ ባለሙያ «ወርኃዊ ሪፖርት» የሚለውን የፋይል ስም ከነትእምርተ ጥቅሱ በተለዋዋጭ ውስጥ ቢያኖርና በኋላ ቢጠራው፣ ጥቅሱ የሚታወቅበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሚደርስ እንደ ማንኛውም ፊደል ይቈጠራል። ስሙም ለሁለት ተከፍሎ የጥቅስ ምልክቶቹ በቅንጣቾቹ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ጥፋቱ የምልክቱ ሳይሆን የጊዜው ነው።

ቦርን ለዚህ አንድ መውጫ አበጅቶ ነበር። "$@" የሚለው አጻጻፍ ለጽሑፉ የተሰጡትን አርጉመንቶች ሳይከፍልና ሳያዋሕድ አንድ በአንድ ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ ይህ ዝርዝር አንድ ብቻ ነበር። ሌላ የፈለገ ብዙ ባለሙያ ኢቫል ወደሚባለው ትእዛዝ ዞረ። ኢቫል ጽሑፉን እንደ አዲስ መስመር ደግሞ ስለሚያነበው ጥቅሱ ሕይወት ይዘራል፤ ነገር ግን በውስጡ የተሸሸገ ሌላ ትእዛዝም ቢኖር አብሮ ይፈጸማል። ስለዚህ ከማይታመን ሰው የመጣ የፋይል ስም ብቻውን የጥፋት በር ሊከፍት ይችላል።

ጥንቃቄ መጓደል የሚያስከፍለው ዋጋ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 በይፋ ታየ። የአፕል ኩባንያ የአይትዩንስ 2 መጫኛ የቀድሞውን ቅጂ ሲያጠፋ የዲስኩን ዱካ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ይጠራ ነበር። የዲስካቸው ስም ባዶ ቦታ የነበረበት አንዳንድ ተጠቃሚዎች የፋይሎቻቸው ይዞታ ተደመሰሰባቸው። ኩባንያው መጫኛውን አንሥቶ የታረመውን 2.0.1 አወጣ። ለዚያ ሁሉ ጉዳት መነሻው የጎደሉ ሁለት ምልክቶች ነበሩ።

ሥር ነቀሉ መፍትሔ ዝርዝርን ከጽሑፍ መለየት ነበር። የዴቪድ ኮርን ሼል በ1988 እትሙ ድርድር የሚባለውን አያያዝ ያዘ፤ ባሽም በ1996 ተከተለው። በድርድር ውስጥ እያንዳንዱ አርጉመንት የራሱ ክፍል ስላለው ጥቅስን በይዘት ውስጥ ማኖር አያስፈልግም። ቶም ደፍ በቤል ላብራቶሪ የሠራው አርሲ ደግሞ ከዚህ አልፎ ተለዋዋጭን ሁሉ ከመነሻው ዝርዝር አደረገው፤ የተተካውንም ጽሑፍ ዳግመኛ አይከፍልም።

እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የፖዚክስ የሼል ደንብ ግን የቦርንን ልማድ መሠረት አድርጎ ድርድርን ሳያካትት ቀረ፤ ዛሬም አላካተተም። ስለዚህ በየትኛውም ሥርዓት እንዲሠራ የሚጻፍ ጽሑፍ አርጉመንቶቹን በ"$@" መያዝ ግድ ይሆንበታል። የተሟላ አርጉመንት አንዴ ወደ ተራ ጽሑፍ ከተለወጠ በኋላ ወሰኑን በእርግጠኝነት መልሶ ማግኘት አይቻልምና፣ ወሰኑ መጠበቅ ያለበት ከመጀመሪያው ነው።